በጠረጴዛ ላይ የታረሰው ማሳ

አቶ ወልደገብርኤል ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ከራሳቸው በላይ፣ በብረት ጠርዝ በተከበበው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሲገነቧት የኖሩት የድሮዋ አቃቂ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጣለች፤ መዳፍ የምታህል የባቡር ጣቢያ፣ ቀጫጭን ሐዲዶች፣ ከሽቦና ከስፖንጅ የተሠሩ ባሕር ዛፎች፣ አረንጓዴ በተነከረ ሰጋቱራ የተዘራ ሣር፣ በጄሶ የተለሰነ የየረር ተራራ። ሟቹ በዚያች ጣቢያ በሹምነት ያገለገሉ ጡረተኛ ነበሩ። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሳሎናቸውን ለባቡሩ አስረክበው እሳቸው ምሳቸውን ወጥ ቤት ቆመው ይበሉ ነበር።

ኢንስፔክተር ሃዊ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰች። ብዙ የማትናገር፣ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እጅ ማየት የሚቀናት ሴት ናት።

«ወድቀው ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ሽማግሌ ናቸው፤ ራሳቸውን ቢያዞራቸው ማጅራታቸው ከጠረጴዛው ብረት ጋር ተጋጨ።»

ሃዊ ተንበረከከች። የሟቹ መዳፎች ንጹሕ ናቸው፤ ጥፍራቸው ሥር አንዲት ቅንጣት አፈር የለም። መነጽራቸው ታጥፎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ቀጥላ ጠረጴዛውን አየች። ከሐዲዱ ማዶ፣ በቁልቁለቱ ላይ፣ አንዲት ጥቁር ማሳ አለች። ጎንበስ ብላ በቅርብ አስተዋለቻት። በአፈሩ መሐል የፈሰሰው ኮላ ገና እንደ ወተት ነጭ ነው።

«እሳቸው በንጹሕ እጅ፣ ያለ መነጽር ከወደቁ፣ ይህን እርጥብ ማሳ ማን አረሰው?» አለች።

ፖሊሱም ጎንበስ ብሎ ማሳዋን አየ።

ሬሳውን ያገኘችው ዳሲቱ ናት። ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ፣ በአሮጌው ሐዲድ ዳር ከልጇ ጋር የምትኖር የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት። ከሥራ ስትመለስ ዳቦ ልታደርስላቸው ብትመጣ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው።

«ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ፣ ኮሚቴው ፊት ምስክሬ ነበሩ» አለች። «ሰፈራችን ለግንባታ ይነሣል። የአባቴ ቤት የድሮ ይዞታ ከሆነ ምትክ ቤት ይሰጠናል። ግን አንድ ሰው ‹እዚያ ቤት አልነበረም፤ የአባቴ ማሳ ነበር፤ እነሱ ኋላ ነው የሰፈሩት› ብሎ አመልክቷል። የእሱ ቃል ከጸና እኔና ልጄ ሜዳ ላይ ወደቅን ማለት ነው።»

«ማነው አመልካቹ?»

«ስሙ ሐሙስ ይነበባል ነው ያሉኝ። አባቴ ሲሞት እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የእሱ ቤት ያኔ ፈርሶ አሁን የምንኖርበት ኋላ የተሠራ ነው። ቤቱን በዓይኑ ያየና በሕይወት ያለ እሳቸው ብቻ ናቸው ስል ነበር። ይኸው፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ ቤቱን ከካርቶን ሠርተው፣ የቲማቲም ቆርቆሮ ጣሪያ አልብሰው አሳይተውኝ…»

ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ ልታሳያት እጇን ዘረጋች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እዚህ ነበር» አለች፣ ጥቁሯን ማሳ እየጠቆመች።

የግቢው ጥበቃ እንደተናገረው ከምሳ በኋላ ወደ ሽማግሌው የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሃዊ ሦስቱንም አስጠርታ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው።

መጀመሪያ የቀለምና የኮላ ነጋዴው ሙህሲን ገባ። ከስልጤ መጥቶ ሱቅ ከከፈተ አሥር ዓመቱ ነው።

«ሰባት ሰዓት ላይ ኮላ አደረስኩላቸው። ዛፍ እየሠሩ ነበር።»

«ማሳስ?»

«ኧረ የለም። ሽቦ ነበር የያዙት።»

«ይህ ኮላ በስንት ሰዓት ይደርቃል?»

«በውሃ ቀጥኖ አፈር ውስጥ ከገባ ግማሽ ቀን ነጭ እንደሆነ ይቆያል። እጅ ላይ ግን ወዲያው ይደርቅና ጭራሽ አይታይም። ውሃ ሲነካው ነው ተመልሶ የሚነጣው። እኔ ጣቴ ላይ መኖሩን የማውቀው ለሶላት ውዱእ ሳደርግ ነው።»

ሁለተኛው አጥናፉ፣ የሟቹ የሥራ ባልደረባ የነበሩ የባቡር ነጂ ናቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ሲጮሁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷቸዋል።

«ጮኼያለሁ፤ አልክድም» አሉ። «ይህ ሁሉ ልፋት ሳሎን ውስጥ አቧራ ከሚጠጣ ለሕዝብ ይታይ አልኩት። ‹ከሐሙስ በኋላ› አለኝ። ተናድጄ በሩን አላትሜ ወጣሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።»

«ጋሽ አጥናፉ፣ ማሳ ሲሠሩ አይተዋቸው ያውቃሉ?»

አጥናፉ ሐዘናቸውን ረስተው ፈገግ አሉ። «ወልዴ እርሻ ምን ያውቃል ብለሽ። ሁሉንም በጸጉር ማበጠሪያ፣ ከሐዲዱ ጋር ትይዩ አድርጎ ነው የሚቧጭረው። ‹ይህ ትልም ነው ወይስ ሹሩባ?› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

«እርስዎስ እርሻ ያውቃሉ?»

«እኔ ድሬዳዋ የተወለድኩ የባቡር ልጅ ነኝ። በሬ የማውቀው ሐዲድ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲያስነፋኝ ነው።»

የመጨረሻው ቡልቻ ነው። ከድሮዎቹ የአካባቢው ገበሬዎች የተወለደ፣ እስከ ሃያ ዓመቱ ያረሰ፣ አሁን ቤትና መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ስምንት ተኩል ላይ አንኳኳሁ። የከፈተልኝ የለም፤ ተመለስኩ» አለ።

«ምን ፈልገው ነበር?»

«ስለ ሐሙሱ ልንመካከር። ዳሲቱ እኮ የሰፈሬ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ወደ ውስጥ አልገቡም?»

«ዛሬ ቀርቶ እዚህ ቤት ከገባሁ ወር አልፎኛል።»

ሃዊ አመሰገነችውና ፖሊሱን ውሃ እንዲያመጣ ላከችው። በኮንዶሚኒየሙ ውሃ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበርና ፖሊሱ ታች ወርዶ አንድ ቢጫ ጀሪካን ለምኖ ተመለሰ። ዳሲቱን ጨምሮ አራቱም በጠረጴዛው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተወስዷል፤ ወለሉ ላይ ግን ደሙ ስላለ ማንም ወደዚያ አያይም።

«አቶ ወልደገብርኤል ተገፍተው ነው የሞቱት» አለች ሃዊ። «የገፋቸው ሰው ግን አልሸሸም። ሬሳው እግሩ ሥር ተዘርግቶ፣ እሱ የካርቶኗን ቤት ነቀለ። ለቀስተኛ ወደዚህ ሳሎን ይመጣል፤ ቤቷንም ያያል ብሎ ፈራ። ነቅሎ ቦታዋን ባዶ እንዳይተወው ደግሞ ከሥሯ ያለው ነጭ ጄሶ አፍጥጦ ሊያሳጣው ነው። ስለዚህ በቦታዋ ሟቹ ለማሳ ያስቀመጡትን አፈር ነሰነሰ፣ ኮላ አፈሰሰ፣ ትልም አወጣ።»

«ያ ኮላ ከእኔ ሱቅ ነው» አለ ሙህሲን በፍርሃት።

«ኮላው ያንተ ነው፤ እርሻው ግን ያንተ አይደለም። እስኪ ልብ ብላችሁ እዩ። ሟቹ የሠሯቸው ማሳዎች ሁሉ ትልማቸው ከሐዲዱ ጋር ትይዩ ነው። ይህኛው ግን ቁልቁል ይወርዳል፤ በየመሐሉም ሰፋ ያለ የውሃ ማፍሰሻ ቦይ አለው። የአቃቂ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ቦይ ካላወጡለት አዝመራው ቆሞ ይበሰብሳል። አባቴ እዚሁ አካባቢ ሲያርስ ምሳ አመላልስለት ስለነበር አውቀዋለሁ። ያረሰ ሰው ቸኩሎም፣ ደንግጦም፣ ጣቱ በለመደው መንገድ ይሄዳል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ?»

ሃዊ ጀሪካኑን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«ጋሽ አጥናፉና ሙህሲን በዚህ አፈር ላይ አላደጉም። ዳሲቱ አድጋለች፤ ነገር ግን የምትማጸንበትን የአባቷን ቤት በገዛ እጇ አትነቅልም። እስኪ እጃችሁን ታጠቡ።»

ራሷ ጀሪካኑን አዘንብላ ታስታጥብ ጀመር። የሙህሲን ጣቶች እንደነበሩ ናቸው። የአጥናፉም እንዲሁ። ዳሲቱ ታጠበች፤ ምንም የለም።

ቡልቻ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነው። «የኔ ንጹሕ ነው» አለ።

«ንጹሕ ከሆነ ውሃ ምን ያደርገዋል?»

አወጣው። ውሃው ወረደበት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም። ቀስ በቀስ በጥፍሮቹ ዙሪያና በጣቶቹ መገጣጠሚያ ስስ ነጭ ሽፋን ብቅ አለ። ሃዊ በጥፍሯ ጫፍ ብትነካው ተላጠ፤ ከሥሩም ጥቁር አፈር ነበረበት።

«እዚህ ቤት ከገቡ ወር አልፎዎታል ብለው ነበር» አለችው።

ቡልቻ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደገፈ። «ሐሙስ እንዲቀሩልኝ ብቻ ነው የለመንኳቸው። ‹ያየሁትን አላየሁም አልልም› አሉኝ። ገፋ አደረግኋቸው። ልገድላቸው አልነበረም።»

«አመልካቹ እርስዎ ነዎት ማለት ነው።»

«ነኝ። ቸግሮኝ ነው፤ ምትኩ ለእኔ እንዲሰጠኝ ብዬ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ይንገሩኝ። እዚያ ቦታ ቤት ካልነበረ፣ ሊያጠፉት የደከሙለት ምንድን ነው?»

ዳሲቱ ፊቱ መጥታ ቆመች። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንተ አንቺ የሚባባሉ ናቸው።

«ቤቱን ታውቀው ነበር?» አለችው።

«ከአንቺ በአሥር ዓመት እበልጣለሁ። እናቴ ስትታመም እናትሽ ያበላችኝ እዚያ ነው።» ወደ ጥቁሯ ማሳ ተመለከተ። «ሁለት ክፍል ነበር። በሩ ወደ ሐዲዱ ያያል። አባትሽ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር እየወጡ ለነጂው እጅ ይነሡ ነበር።»

ዳሲቱ ስለ አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ሃዊ ቃሉን አንድ ሳታስቀር ጻፈችና ወረቀቱን አቀረበችለት። ቡልቻ በረጠበ እጁ ፈረመ። የሐሙሱ ምስክርነት በዚህ ተሞላ፤ ዳሲቱና ልጇ ሜዳ ላይ አይወድቁም። ዳሲቱ ግን ደስታ አልተሰማትም፤ የተሰማት ሐዘን ብቻ ነው።

«ቸግሮኛል ብትለኝ» አለችው ፖሊሱ ወደ በሩ ሲመራው፣ «ከምትኩ ላይ አንዱን ክፍል እሰጥህ ነበር እኮ። እናቴም ብትሆን ትሰጥህ ነበር።»

ቡልቻ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀሰም ነበር።