ቁጭ ብላ ኖር አለች

ሲደክመው የዋለ ሰው አመሻሽ ላይ ኳስ ሊያባርር ይወጣል ቢሉ ማን ያምናል? ማህሌት ግን ወጣች።

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሁለት ፈረቃ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ጠዋትም ከሰዓትም በቁሟ ናት። በዚያ ሙቀት ጠመኔው ሳይቀር በላብ እጇ ላይ ይርሳል። ቤት ስትገባ እናቷ እትዬ አበበች ይጠብቋታል። እትዬ አበበች ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በከዘራ እያነከሱ ነው የሚሄዱት። አባቷ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። ውሃው፣ ገበያው፣ እጥበቱ ሁሉ የማህሌት ነው።

የስፖርት አስተማሪው ሙሉቀን በጥር ወር አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ አራት መምቻዎችና ቀዳዳ በቀዳዳ የሆኑ የፕላስቲክ ኳሶች ይዞ ተመለሰ። ፒክልቦል የሚባል ጨዋታ ነው አለ። ቴኒስ እንዳይሉት ሜዳው ያንሳል፣ ፒንግ ፖንግ እንዳይሉት ጠረጴዛ የለውም። ተጀምሮ በቀረው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሚንቶ ወለል ላይ በኖራ አሰመረ፣ መረብ ወጠረና መምህራኑን ጠራ። አብዛኞቹ አንድ ቀን መጥተው ተሳሳቁና ተበተኑ። ማህሌት በማግስቱም መጣች።

«ደክሞሻል» አላት በሦስተኛው ቀን።

«ሲደክመኝ ነው የምኖረው።»

«እንግዲያው ለአንድ ሰዓት በሌላ ነገር ድከሚ።»

ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር፤ ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሙሉቀንም ኳሷን እንደያዘ፣ መምታቱን ረስቶ አያት።

ከዚያ በኋላ የቀኗ ትርጉም ያቺ የአሥራ አንድ ሰዓት ጨዋታ ሆነች። በአንድ ወገን ተሰልፈው ያልተበተኑትን ጥቂት መምህራን ይገጥማሉ፤ እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ። ብዙ አያወሩም። ኳሷ በመካከላቸው ስትመጣ «ያንቺ» ይላታል፣ እሷም «ያንተ» ትለዋለች፤ አንዳንዴ ሁለቱም ቆመው ይተያዩና ኳሷ ታልፋለች። በመጋቢት አንድ አመሻሽ ላይ «ሽማግሌ ልላክ?» አላት። ማህሌት ኳሷን ሁለቴ አነጠረችና «ከጾሙ በኋላ» ብላ መታቻት።

ደስታ ብቻውን አይመጣም። በዚያው ሰሞን ቀኝ ዳሌዋን ጎኑ ላይ ይወጋት ጀመር። ናቀችው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በስስ ሸራ ጫማ፣ በደረቁ ሲሚንቶ ላይ ወደ ጎን እየተወረወረች ተጫወተች። ሙሉቀን «አንድ ጨዋታ እንጨምር» ሲላት መቼ እምቢ ትላለች? ፋሲካ ሲደርስ ግን በቀኝ ጎኗ መተኛት አቃታት። ተቀምጣ ስትነሳ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ታነክሳለች፤ ባጃጅ ስትሳፈር እግሯን በእጇ ታነሳለች።

ያስፈራት ሕመሙ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቷን ከዘራ ድምፅ ስትሰማ ኖራለች። የዘር ነው፣ ለእኔም ደረሰኝ ብላ ደመደመች። አንድ ከዘራ ካለበት ቤት ሁለተኛ ከዘራ አገባለሁ የሚል የቱ ወንድ ነው? ጨዋታውን የፈተና ወረቀት አርማለሁ እያለች ቀረች፣ ለሙሉቀንም ትንፍሽ አላለች።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሁድ መጡ፤ ከተባለው ሰዓትም ቀድመው። ማህሌት ጓዳ ልትገባ አስባ ነበር፤ እነሱ ሲደርሱ ግን በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ማሾ ትለቅም ነበር። ፊት ፊት የሚመጡት ሙሉቀንን ያሳደጉት አጎቱ አቶ ለማ ናቸው። መነሳት ነበረባት። ከተነሳች ምሰሶውን መያዝ፣ ምሰሶውን ከለቀቀች ማነከስ ሊመጣ ነው፤ ያውም በሦስት ሽማግሌ ፊት። ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች፣ በፈገግታ፣ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ ሳትል፦

«ኖር» አለች።

«በእግዜር» የሚል አልተገኘም። ትልቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ ኖር ማለት ዝም ከማለት ይብሳል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ከእናቷ ጋር ጥቂት ተጫወቱ፣ የመጡበትን ጉዳይ ሳያነሱም ወጡ። እትዬ አበበች በረንዳ ላይ የሆነውን አላዩምና ግራ ገባቸው።

ማታ ሙሉቀን መልእክት ላከ፦ «መልሱ ደርሶኛል። ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ይሻል ነበር። አላስቸግርሽም።»

ከጨዋታው የቀረችበትንም ከዚህ ጋር አገናኝቶት ነበር። ማህሌት መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ይሻለዋል አለች፤ ይህን ስትል ግን ትራሷ ረጥቦ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በመጡ በሦስተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ መቆም ሲያቅታት የልጅነት ጓደኛዋ ኑርሃን ዘንድ ሄደች። ኑርሃን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። እግሯን አነሳችው፣ አዞረችው፣ የዳሌዋን ጎን ስትጫነው ማህሌት ዘለለች።

«የእናትሽ ስብራት ነው፤ ከወደቁበት የመጣ እንጂ የሚወረስ አይደለም» አለቻት። «ያንቺው ጅማት ነው። ከሥራው በላይ ጫንሽበት።»

ምክንያቱን አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ድንገት የበዛ ጨዋታ፣ ደረቅ ወለል፣ ሰውነት ሳያሟሙቁ መሮጥ፣ ክፍል ውስጥም በአንድ እግር ተደግፎ መዋል። ለጊዜው ኳሱን ታቆማለች፤ ስትመለስ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሶሉ ወፍራም በሆነ ጫማ። ስትተኛ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ታደርጋለች። ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ መርገጥ ካቃታት ግን ራጅ ትነሳለች። ዋናው ልምምድ ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት ነው።

ይህን ስትሰማ ማህሌት አለቀሰች። ኑርሃን ታሪኩን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

«አላህ ያሳይሽ፤ የታመመው ዳሌሽ ነው፣ አፍሽ ደህና ነው እኮ።»

ልምምዱ አሰልቺ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ተነሳች፣ ተቀመጠች። አንዳንዱ ቀን ይሻላታል፣ በማግስቱ ወደነበረበት ይመለሳል። እትዬ አበበች ከአልጋቸው ሆነው ያዩ ነበር፤ አንድ ማታ ግን ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጠየቋት። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከዘራው እንዳስፈራትም ሳይቀር።



«እኔ ካነከስኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ። «አባትሽ ዘጠኙን አብሮኝ ሄዷል። ገበያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ቀን ቀድሞኝ ሄዶ አያውቅም። አንቺ ከዘራዬን ስታዪ እሱን ሳታዪው ቀረሽ?»



በሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራ አቶ ለማ የሚኖሩበት ከተማ ጀውሃ ወረደች። አቶ ለማ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናሉ፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመኪናው እስከ እሳቸው ያለውን መንገድ ሳትደብቅ እያነከሰች ሄደች። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ አያት፤ ይየኝ አለች።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ያልተነሳሁልዎ ንቄ አይደለም። ዳሌዬን አሞኝ ነበር። ማነከሴን እንዳያዩብኝ ብዬ ነው። ይቅርታዎን ፈልጌ መጣሁ።»

አቶ ለማ እግሯን አዩ፣ ፊቷን አዩ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ከጎማው ላይ ተነሱላት።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሏት። ስልካቸውንም አውጥተው ደወሉ። «ሙሉቀን፣ ቶሎ ና። እኔም ሞኝ፣ አንተም ሞኝ።»

ሙሉቀን ለሰንበቱ ካለበት ከአጎቱ ቤት እየሮጠ መጣ። አጎቱ ነገሩን በሁለት ቃል ነግረውት ወደ ጎማቸው ዞሩ። ሁለቱ መኪና መያዣው ድረስ በእግር ጀመሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሸክም እንዳልሆንብህ ብዬ።»

«እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። በቀኝ በኩል የምትመጣውን ኳስ ስትተያት አይቻለሁ። ከእኔ የሸሸሽ መሰለኝ እንጂ የታመምሽ አልመሰለኝም። አንድ ጨዋታ እንጨምር እያልኩ የጎዳሁሽም እኔ ነኝ።»

«እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ገና ነው፤ ኑርሃን ወር ይቀርሻል ብላኛለች። ከዚያም በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።»

«ያገርሽ። ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመለሳሉ።»

«እነሳላቸዋለሁ።»

«ካመመሽ ቁጭ በይ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ማህሌት ሳቀች፤ የደከመ ሳቅ ነበር፣ ግን ሳቅ ነው። ፀሐዩ ከብዷል፣ ዳሌዋም ይወጋታል፤ እርምጃዋ እያጠረ ሄደ። የጭነት መኪኖች አለፏቸው። የማሽላ አገዳ የተጫነች አህያ ሳትቀር ቀደመቻቸው።

ማህሌት በዓይኗ ጎን እግሮቹን አየች። ሙሉቀን አንድ እርምጃ እንኳ አልቀደማትም።