የቴሌቪዥኑ ዋርድያ

«እጅሽን አውጪ! ሳጋል፣ ወላሂ እጅሽን አውጪ!»

የሳጋል እናት ሻምሶ የፕላስቲክ ጫማዋን አድርጋ፣ የእንጨት ማማሰያ አንስታ ልጇ ራስ ላይ ቆማለች። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው በእንጨት ሲመታ ይለቀዋል ሲባል ሰምታለች። ሳጋልን እስካሁን ኤሌክትሪክ አልያዛትም፤ ማማሰያው ግን ሁለቴ አርፎባታል።

«ሆዮ፣ እናቴ፣ ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ተነቅሏል እኮ! ከጠዋት ጀምሮ እንደተነቀለ ነው።»

«ውስጡ የተደበቀ ኤሌክትሪክ ቢኖርስ?»

ፍራሹ ላይ በፊቱ የተደፋው ቴሌቪዥን ሰው ሁሉ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ የሚላት የጎረቤታቸው የፋዱሞ ነው። ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣና፣ ቴሌቪዥኑ «ጧ!» ብሎ ጠፋ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ያለው ይህ ግቢ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ባደጉ ሰዎች የተሞላ ነው፤ ሴቶቹ ከመግሪብ በኋላ ኤዶ ፋዱሞ ቤት ተሰብስበው የአማርኛ ድራማ ያያሉ። ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነው። ሙሽራዋ እሺ ትበል አትበል የሚለየው ዛሬ ነው። ስለዚህ ኤዶ ፋዱሞ፣ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የገባችውን ሳጋልን አስጠራቻት።

ሳጋል የኋላ ክዳኑን እንደከፈተች ጥፋቱ ታያት። ገመዱ ወደ ቦርዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ ባቄላ የሚያክል ሰማያዊ ክብ ነገር ተሰንጥቆ ጠቁሯል። ቫሪስተር ነው። የክበቡ አስተማሪ መምህር ማህዲ በሶማሊኛ «ዋርድዬ» ይሉታል። በአማርኛውም ያው ዋርድያ፣ ጠባቂ፣ ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል ልክ ሲሆን እንደሌለ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ትርፉን ወደ ራሱ ስቦ ሌላውን ያድናል። የዛሬው ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ሞተ፤ ፊውዙም አብሮት ተቃጠለ።

ሳጋል ትርፍ ፊውዝ ነበራት፤ ቫሪስተር ግን የሚገኘው ክበቡ ሲከፈት፣ ቅዳሜ ነው። የሞተውን በፒንሳ ነቀለችው፣ ፊውዙን ቀየረች፣ ክዳኑን ገጠመችና ስፒናውን ሰካች።

ቴሌቪዥኑ በራ።

«ማሻ አላህ!» ኤዶ ፋዱሞ እልልታዋን አቀለጠችው። «ኢንጂነር ሳጋል! ሻምሶ፣ አንቺ ደግሞ ይቺን ልጅ አትንኪ፣ አትንኪ እያልሽ!»

ሻምሶ ማማሰያውን ከጀርባዋ ደበቀች። ፊቷ ላይ ሳጋል አይታው የማታውቀው ኩራት ነበር።

«ለመሆኑ ሙሉ በሙሉ ድኗል?» አለች ኤዶ ፋዱሞ።

ሳጋል የእናቷን ፊት አየች። «ሙሉ በሙሉ» አለች።

ወደ ግቢው እንደወጣች ግን መልሳ አሰበችበት። ኤሌክትሪኩ እንደ ጠዋቱ አንድ ጊዜ ከበዛ፣ የሚመክተው ስለሌለ የሚቃጠለው ቦርዱ ራሱ ነው። ኤዶ ፋዱሞ ደግሞ እግሯን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም፤ ከቴሌቪዥኑ ሌላ የሚያጫውታት የላትም። ሳጋል ጥግ ይዛ ለክበብ ጓደኛዋ ለኢፍራህ የድምፅ መልእክት ቀዳች።

«ኢፉ፣ ተበላሁ! ዋርድያው ሞቷል። ሆዱ ተሰንጥቆ፣ ጠቁሮ ነው ያገኘሁት። ነቅዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ! እውነቱን ካወቁ የዛሬው ድራማ ቀረ።»

የቆመችው ከኤዶ ፋዱሞ መስኮት ሥር መሆኑን ልብ አላለችም።

የኤዶ ፋዱሞ እግር ቢታመምም ጆሮዋ ጤነኛ ነው። ደንግጣ በመስኮቱ ወደ ግቢው በር አየች። የግቢው ዋርድያ አያንሌ ዘወትር የሚያንቀላፋባት ወንበር ባዶዋን ናት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» አለችና ስልኳን አነሳች።

ሳጋል እናቷ ሱቅ ልካት ስትመለስ የኤዶ ፋዱሞ ቤት በሴቶች ተሞልቷል። ሁሉም ያለቅሳል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ በርቷል፤ ሐዘን ቢሆንም ድራማው ሊጀምር ነው።

«እንዲያ ያለ ደግ ሰው!» ትላለች ኤዶ ፋዱሞ። «ተኛህ እያልኩ ስቆጣው አንድ ቀን መልሶልኝ አያውቅም።»

«ተኝቶ ስለነበር ነዋ» አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች።

ይሄኔ አያንሌ ገባ። ጢሙን ሒና ሊያስቀባ ሄዶ ብርቱካን መስሎ መመለሱ ነው። ለቅሶውን ሲያይ ክው ብሎ በሩ ሥር ተቀመጠ፤ እጆቹን ዘርግቶ ለሟቹ ረዥም ዱዓ አደረገ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ በሹክሹክታ።

አጠገቡ ፊቷን በሻርፕ የሸፈነች ሴት ቀና እንኳ ሳትል፣ «አያንሌ ነው፤ አላህ ይዘንለት» አለችው።

«የቱ አያንሌ?»

«የኛው ዋርድያ።»

አያንሌ ትንሽ አሰበ። «መቼ?»

ሴትየዋ ቀና አለች። ከዚያ በኋላ የተሰማው ጩኸት አስፋልቱ ድረስ ሳይደርስ አልቀረም።

ጩኸቱ በረድ ሲል ኤዶ ፋዱሞ ጣቷን ሳጋል ላይ ቀሰረች። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ሞቷል፣ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት ብለሻል!»

«ቆሻሻ ውስጥ?» አለ አያንሌ። ከመሞቱ ይልቅ ያስከፋው ይሄ ነው።

ሻምሶ ፈጥና መሐል ገባች። «ፊልም ነው! ያየችውን ፊልም ለጓደኛዋ ስታወራላት ነው። አይደል፣ ሳጉ?» ዓይኗ አዎ በይ፣ አዎ በይ ይላል።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አምፖሉ ደብዘዝ አለና መልሶ ቦግ አለ። ሳጋል ወደ ቴሌቪዥኑ ዞር አለች።

«ፊልም አይደለም» አለች። «የሞተው የቴሌቪዥኑ ዋርድያ ነው። ሙሉ በሙሉ ድኗል ያልኩሽም ውሸቴን ነው፣ ኤዶ።»

ስለ ቫሪስተሩ አስረዳች። ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንደሚውልና ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻ ብድግ እንደሚል ስትናገር አያንሌ ጢሙን ዳሰሰ። «ልክ እንደኔ» አለ።

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ብድግ ያልከው?» አለች ኤዶ ፋዱሞ። ወዲያው ወደ ሳጋል ዞረች። «አሁን ግን ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል። መብራቱ እንደ ጠዋቱ ከመጣ ግን ቴሌቪዥኑ አበቃለት። እስከ ቅዳሜ መነቀል አለበት።»

«ለዛሬ ብቻ፣ ሳጉዬ!» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ። «አላህ ይጠብቀዋል!»

የድራማው ሙዚቃ ጀመረ። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ ወጣች። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፤ አያንሌም አንገቱን አሰገገ። ሻምሶ እንኳ ልጇን ረስታ አፏን ከፍታለች።

ሳጋል በጉልበቶቻቸው መሐል እየተሹለከለከች ግድግዳው ጋ ደረሰች። ሙሽራው ጠየቀ። ሙሽራዋ ከንፈሯን አላቀቀች።

ሳጋል ስፒናውን ነቀለችው።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እሷ ግን ገመዱን ክንዷ ላይ ጠቀለለችና፣ ሶኬቱን በጀርባዋ ሸፍና መሬት ላይ ተቀመጠች።