ፊት ደርዳሪዋ

የቲማቲም ሳጥን ፊት አለው። ይህን የማያውቅ ካለ፣ ቲማቲም በሳጥን ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። ቀዩ፣ እኩሉ፣ የሚያብረቀርቀው ከላይ ይደረደራል፤ ጠባሳ ያለውና ነገ የሚፈርጠው ከሥር ይተኛል። በአንድ ማሸጊያ ቤት ይህን ፊት የምትደረድር ሴት ነበረች። እጇ ከመፍጠኑና አያያዟ ከማማሩ የተነሳ ሠራተኞቹ «ፊታውራሪ» ይሏታል። የማሸጊያ ቤቱ ባለቤት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አግብታ፣ በስምንተኛው ወር ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ቲማቲሙን በጅምላ የሚወስደው ትልቁ ገዢ አንድ ሰው ላከ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብብቱ ሥር ጥቅል ካርቶን የያዘ ወጣት ነው። ሰላም እንኳን በቅጡ ሳይል፣ እሷ ደርድራ በፕላስቲክ ያሸገችውን የካርቶን ሳጥን አንስቶ ገለበጠና ቂጡን በመቀስ ቀደደው።

«እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?»

«እኔስ ጤነኛ ነኝ፤ ቲማቲምሽ ነው የታመመው» አለና አንድ የላሸቀ አውጥቶ አሳያት።

በቤቱ ያሉት አርባ አሻጊ ሴቶች ሥራ አቁመው አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ያዙ። ሳቅ ነው እንግዲህ።

«ገዢ የሚያየው ከላይ ነው» አለችው። «በቂጥ በኩል የሚገባ ገና ዛሬ አየሁ!»

«ዘመኑ ተለውጧል እህቴ። ድሮ ሰው ሳጥን ሙሉ ገዝቶ ከጎረቤት ይካፈል ነበር። አሁን ቤተሰቡ አነሰ፤ ስድስት ፍሬ ይበቃዋል። ፕላስቲኩንም ጠልቶታል። ወረቀት ይሁንልኝ፣ ውስጡንም ልየው ነው የሚለው። ይኸው!» ጥቅሉን ፈታው። መዳፍ የምታህል የወረቀት ሳጥን ወጣች፤ እንድትተነፍስ በጎኗ ቀዳዳ፣ ከላይም ከሥርም መስኮት አላት። «ይህች ፊትና ጀርባ የላትም። በየትም በኩል ብታይያት ያው ናት።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«ጥሩ ጥሩውን መምረጥ።» ይህን ብሎ አያት፤ ቶሎም ዓይኑን አልነቀለም። እሷም ትንሿን ሳጥን ተቀብላ አገላበጠቻት።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስቴ ይመጣ ጀመር። ሴቶቹ «ካርቶኔ» አሉት፤ ስሙ ቀረ። ከወንድሟ ጋር እሳትና ጭድ ሆኑ። «ይህ ልጅ ራቁቴን ሊያስቀረኝ ነው!» ይላል ወንድሟ። «ራቁትዎን አይደለም ጋሼ፣ የበሰበሰውን ነው የማስቀርብዎ» ይላል ካርቶኔ። እሷ በሁለቱ መሃል ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሳቋ እንዳያመልጣት ነው።

አዲሷን ሳጥን ለአሥራ አራት ቀን በቀዝቃዛው ክፍል አስቀምጠው፣ በየጠዋቱ አብረው ይፈትሹ ነበር። በስድስተኛው ቀን መስኮቷን ላብ ሸፈነው። እሱ ሲያስብ እሷ ቀደመችው።

«ከታች ሁለት ቀዳዳ ጨምርላት። ውኃው መውጫ አጥቶ ነው።»

ጨመረላት። በማግስቱ መስኮቷ ጥርት ብሎ ተገኘ። ተያዩ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጣል፤ ግን ማንም ልውጣ አላለም።

«እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ...» ሲል አቋረጠችው።

«ሳትጠይቀኝ እኔ ልንገርህ። አግብቼ ፈትቻለሁ። ይመታኝ ነበርና ወጣሁ። በሦስት ዓመት እበልጥሃለሁ። ይህን ሰምተህ ጠይቀኝ።»

ካርቶኔ እጁን እፍ እፍ አለበት። «ሌላስ?»

«ሌላ... ጠዋት ጠዋት ነገረኛ ነኝ።»

«እሱንስ መጀመሪያ ቀን አይቼዋለሁ» አለ፤ የቀዘቀዘ እጇንም ያዘ።

ወደደችው። እንዴት ወደደችው! ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልዘፈነች ሴት ቲማቲም ስትለቅም ማንጎራጎር ጀመረች። ገና ሳይነገራቸው ሴቶቹ ሁሉ አወቁ።

ነገሩ የተበላሸው ለጋብቻው የካርቶኔ እናት ሊያዩዋት ሲነሱ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ወንድሟ ቢሮ አስጠራት። ካርቶኔም እዚያው ተቀምጧል። ስንት ወር በነገር የተጠባበሱ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን፣ እንደ አማችና አማች ፈገግ ብለዋል።

«ተስማምተናል» አለ ወንድሟ። «እሑድ እናቱ ሲመጡ ያ የድሮው ነገር አይነሳም። ዕድሜሽም ሃያ ሰባት ነው።»

ወደ ካርቶኔ ዞረች። «አንተም?»

«ለእናቴ ብቻ እኮ ነው» አለ፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጥሎ። «ሰርጉ እስኪያልፍ። እናቴ የድሮ ሰው ናቸው፣ አይገባቸውም።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል አልሰማሽም?» አለ ወንድሟ። «እያደር ይነገራቸዋል።»

«እስኪነጋ እኔ ጨለማ ውስጥ ልቀመጥ?» አለች። «ወንድሜስ ይሁን፣ ዕድሜ ልኩን ፊት ሲያስደረድር የኖረ ነው። አንተ ግን! ለቲማቲም ያዘንከውን ያህል ለእኔ አታዝንም? የሚታፈርብኝ ከሆነ ሌላ ፈልግ።»

በሩን እንዴት አድርጋ እንደዘጋችው አሁንም ድረስ ይወራል።

ሦስት ቀን ስልኩን አላነሳችም። አልበላችም፣ አልተኛችም፤ መውደዷ በአንድ ቀን አልተነቀለላት። እሑድ ጠዋት ግን ተነሳችና ፊቷን ታጥባ፣ እናቱ ሳይመጡ ቀድማ እሳቸው ቤት ሄደች። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከአንድ ዳቦ ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል አለቻቸው። የስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው አገኘቻቸው።

«እናቴ፣ ዛሬ ሊያዩ ሊመጡ የነበረው እኔን ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው ሊሉዎት ነበር። ሠላሳ አንድ ነው። አግብቼም ፈትቻለሁ። እኔን ካልፈለጉኝ እዚሁ ይንገሩኝ፤ እሄዳለሁ። ግን ተደብቄ አልገባም።»

ሴትዮዋ ቀና አላሉም። መኪናው ግን ቆመ።

«ለምን ፈታሽ?»

«ይመታኝ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ቆየሽ?»

«ስምንት ወር።»

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ቆየሁ» አሉ።

ወደ ወንበሩ ጠቆሟት፤ ተቀመጠች። ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ያጥፉታል፣ መልሰው ይፈቱታል።

«ልጄ አያውቅም። ደረጃ አዳለጠኝ፣ በር መታኝ እያልኩ ነው ያሳደግኩት። አባቱን እንዳይጠላ ብዬ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ስምንት ወር! እሰይ የኔ ልጅ። እሰይ። እኔ ያቺን በር አጣኋት።»

ተያይዘው አለቀሱ። ቆይተው እናትየዋ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ዛሬ እነግረዋለሁ፤ ሁሉንም። አንቺ ግን እንዳትለማመጪው። ራሱ ይምጣ።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ ምን ያደርግልሻል?»

መጣ። ሰኞ ጠዋት፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ካርቶን ሳይዝ መጣ። ቲማቲሙን የሚያመላልሰው ቀበቶ እየተንጓጓ፣ አርባዎቹ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ይሠራሉ። ወንድሟ ሲያየው ከቢሮው ወጣ። ካርቶኔ ወደ ቢሮው አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ እሷ ፊት ቆመ።

«ብቻችንን እናውራ?» አላት በቀስታ።

«እዚሁ።»

ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ይህችን ሴት እወዳታለሁ። አግብታ ፈትታለች፤ አውቃለሁ። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አውቃለሁ። ደብቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ፈሪው እኔ ነኝ። ይቅር ካለችኝ ላገባት እፈልጋለሁ።»

«አልሰማንም!» አለች ከወዲያ ጫፍ አንዷ።

ጮክ ብሎ ደገመው። የቀበቶው ጩኸት ግማሹን በላው።

«አሁንም አልሰማንም!»

ወንድሟ «በቃ፣ ምንድን ነው ይሄ የገበያ ጩኸት! ወደ ሥራ!» እያለ መጣ። እሷ እጇን ዘረጋችና ቀዩን ማጥፊያ ተጫነችው። ቀበቶው ተንገጫግጮ ቆመ። አንዲት ሴት እንኳ አልሳለችም።

«እንደገና» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምር። ጋሼም ይስማ።»

እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ።