የማንዳቪ ዓይነ ርግብ

ጉሙ ከጋንዳክ ወንዝ ተነሥቶ የሙራርፑርን መንደር ውጦት ስለነበር፣ ኢንስፔክተር ኡርሚላ ኬርኬታ የሟቿን ቤት ያገኘችው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው። ከውስጥ የሴቶች ልቅሶ፣ ከውጭ የወንድ ዛቻ ይሰማል።

«ያንን ልጅ አውጡልኝ! ኒሻንትን ስጡኝና ወደ ቤቴ ልሂድ!»

የሚጮኸው የሟቿ አባት ራምስኔሂ ነበር። ጠመንጃ ይዟል፤ ሁለት ጎረምሳ ልጆቹም ከኋላው ቆመዋል።

«አባባ፣ መሣሪያውን ያስረክቡ» አለች ኡርሚላ።

«ልጄን ገድለውብኝ ነው የማስረክበው?»

«በዚሁ መሣሪያ አይደል እንዴ የዳሯት?»

ነገሩን የማያውቅ በአካባቢው አልነበረም። እዚያ አገር ጥሎሽ የሚጥለው የሴት ልጅ አባት ነው፤ የተማረ ሙሽራ ደግሞ መኪና ያስጠይቃል። ራምስኔሂ መኪና ቀርቶ ብስክሌት የለውም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት፣ የባቡር መሥሪያ ቤት ሥራ ገና ያገኘውን ኒሻንትን ከመንገድ አፍኖ ወሰደው፤ በአፈሙዝ አስገድዶም ከልጁ ከማንዳቪ ጋር ከሠርጉ እሳት ፊት አስቀመጠው። ሲነጋ ኒሻንት ባለትዳር ነበር። ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰዎች እየሳቁ ነው የሚያወሩት።

«እስከ ቀትር እታገሥሻለሁ» አለ ራምስኔሂ። «ከቀትር በኋላ ኒሻንት የእኔ ነው። አንቺም ብትሆኚ አታስጥዪውም።»

ቀልዱን እንዳልሆነ ኡርሚላ ከዓይኑ አየች። ረዳቷን ፓስዋንን በር ላይ አቁማ ገባች።

ማንዳቪ በክፍሏ ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላት ተጋድማለች። ከላይ ከወጋግራው የተቆረጠ የሳሪ ቁራጭ ይወዛወዛል፤ ሌላው ቁራጭ ከነቋጠሮው አንገቷ ላይ ነው። የቤቱ ሰዎች ራሷን ሰቀለች ይላሉ። ኡርሚላ ተንበርክካ ቋጠሮውን አየችው። ከሥሩ፣ በማነቂያውና በአንገቷ መካከል፣ ለብሳው ያደረችው ቢጫ ሳሪ ጫፍ ተጨምድዶ ተይዟል። ጫፉን በጣቷ ተከተለችው፤ ወደ ፊት ቢሳብ ፊቷን እስከ አገጯ ይሸፍናል።

ኒሻንት ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ደርቋል።

«ማነው ያወረዳት?»

«እኔ ነኝ።»

«ብቻህን?»

«ማን ያግዘኝ? እናቴ አቅም የላትም። ቢምሌሽ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የታናሹን ሚስት እንዴት ይነካል? ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ደፉንም አላለፈም።»

«መሞቷን ወዲያው አወቅህ?»

«ብርሃን አልነበረም። ፊቷም ተሸፍኗል። ዓይነ ርግቧን ገልጬ ነው ያየኋት።»

ኡርሚላ ቀና አለች። «ከአንተ ትሸፈን ነበር?»

«ከእኔ?» ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «ትስቅብኝ ነበር እንጂ መች ትሸፈናለች!»

ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ። ቤተሰቡ ጋብቻውን በፍርድ ቤት ለማፍረስ ስላሰቡ፣ ባልና ሚስቱ እንዳይገናኙ ከልክለዋቸው ነበር። እሱ ከታላቁ ጋር በውጭኛው ክፍል፣ እሷ በጓሮው ክፍል ነው የሚያድሩት።

«በየት በኩል ትገባ ነበር?»

«በጣሪያ።»

«የራስህን ሚስት በስርቆሽ?»

«እኔስ ተሰርቄ አይደል የመጣሁላት?» አለ። «መጀመሪያ ጠልቻት ነበር፣ ኢንስፔክተር። አንድ ቀን ‹እኔንም የጠየቀኝ የለም እኮ› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መጥላት አቃተኝ። ትናንት ማታ ለቢምሌሽ ነገርኩት። ተገድጄ ነው ብዬ ፍርድ ቤት አልቆምም አልኩት።»

«ምን መለሰልህ?»

«ምንም። ሻዩን ጨርሶ ተኛ።»

«ሌሊት ወደሷ ሄደሃል?»

«አልሄድኩም። ጠዋት ከመላው ቤት ፊት እጇን ይዤ ላወጣት ነበር ያሰብኩት።» ተነሥቶ ወደ በሩ ተራመደ። «ሽማግሌው ይግደለኝ፣ ልውጣለት። ምን ቀረኝ?»

«ቁጭ በል!» አለችው ኡርሚላ። «አንተ ከሞትክ ገዳዩ ቁርሱን በልቶ ይውላል።»

አማትየዋ ቻንድራካላ ምድጃው አጠገብ ደረቷን ትመታለች። እሳት አልተነሣበትም፤ ሬሳ ባለበት ቤት አይበሰልም።

«ገና ሳይነጋ የግቢውን የእጅ ውሃ ፓምፕ ሲጥሲጥታ ሰማሁ፣ ልጄ» አለች። «ትልቋ ምራቴ ጉንጃ ሰሃን የምታጥብ መስሎኝ፣ ‹በዚህ ብርድ ልትሞቺ ነው እንዴ› ልላት ወጣሁ። ማንም የለም። የማንዳቪ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው...»

«አይዞዎት። ለኒሻንት ሌላ ሚስት ታጭታለት ነበር ይባላል።»

«የፓትናው ኮንትራክተር ልጅ። ይህቺ ስትባረር ሊድርለት። ከጥሎሹ ግማሹን ሰጥቶናል።»

«የት አለ?»

አሮጊቷ መሬት መሬት አየች። «የቢምሌሽን ልጅ ሩቢን በጸደይ ነው የምንድራት። ለሩቢ ሙሽራ ቤት ሄደ።»

«ለነገሩ ቢምሌሽና ማንዳቪ ይስማሙ ነበር?»

«ቢምሌሽ? የእሱን ጨዋነት ለጠላቴም አወራለሁ! አንድ ቀን ሰሃን ስታቀብለው ጣቷ ነካው። በዚህ ውርጭ ራሱን ታጥቦ፣ የተቀደሰ ክሩን ለውጦ፣ ሳምንት ሙሉ እንደ ፍየል ሲያስል ከረመ። እንዲያ ያለ ልጅ ነው የወለድኩት።»

ቢምሌሽ ግቢው ውስጥ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ተከናንቧል። ፀጉሩ ታጥቦ በሰናፍጭ ዘይት ታሽቶ ተበጥሯል። ከትከሻው ወደ ወገቡ የሚወርደው የተቀደሰ ክር አዲስ ነው፤ የእርድ ቀለሙ ገና አልለቀቀም። ከአልጋው በላይ፣ ገመድ ላይ፣ የወንድ ሽርጥ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። በዚያ ጉም ምን ይደርቃል?

«ሌሊት ወንድሜ ተነሥቶ ወጥቷል» አለ ሳይጠየቅ። «ወንድሜ ነው ብዬ በውሸት አልምልም።»

«ማንዳቪ እንዴት ያለች ልጅ ነበረች?»

«ፊቷን አይቼው አላውቅም። አንቺ የጫካ ሰው ስለሆንሽ ይገርምሽ ይሆናል። እኛ ግን ሥርዓት አለን።»

ኡርሚላ ከራንቺ ጫካ ጎሣዎች ወገን ናት። እንዲህ ዓይነቱን ብዙ ሰምታለች። «ታጥበዋል» አለች ብቻ።

«ሬሳ ያለበት ቤት ውስጥ እንዴት አልታጠብ?»

ሚስቱ ጉንጃ ልጇን ሩቢን አቅፋ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። «ተኝቼ ነበር። አማቴ ስትጮህ ነው የነቃሁት» አለች። ይህንኑ ደገመችው። ሲጨርሱም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አንዴ ጨመረችው።

ከደጅ የጠመንጃ ሰደፍ በሩን ይደበድብ ጀመር። ቀትር ደርሷል።

«አስገባቸው» አለች ኡርሚላ ለፓስዋን። «ሁሉም ግቢው ውስጥ ይሰብሰቡ።»

ሁሉም ቆሙ። ራምስኔሂ ኒሻንትን እንዳየ አፈሙዙን አነሣ። ኡርሚላ በመሐል ገባች።

«መጀመሪያ ይስሙኝ፣ አባባ። ከዚያ የሚተኩሱበትን ያውቃሉ። ልጅዎ ስትሞት ፊቷን ተሸፍና ነበር። የተሸፈነችበት ጨርቅ በማነቂያው ሥር ነው የተያዘው። ስለዚህ መጀመሪያ ተሸፈነች፣ ከዚያ ታነቀች። በገዛ ክፍሏ፣ በሌሊት፣ ከማን ነው የተሸፈነችው?»

«ልታፍር ትችላለች፤ ልትሞት ስትል ሸፈነችው» አለ ቢምሌሽ።

«ወጋግራውን በጨለማ፣ በጨርቅ ውስጥ እያየች አሰረችበት? ይሁን፣ እንቀበል። ሰው ከገባባት ግን ማነው? ከባሏ አትሸፈንም፤ ትስቅበታለች። ከአማቷ፣ ከጉንጃ፣ ከሩቢ እስከ አገጯ አትሸፈንም፤ ሴቶች ናቸው። የባሏ አባት ቀድሞ ሞቷል። በዚህ ቤት ማንዳቪ መምጣቱን የሚያስታውቅበትን ሳል በሰማች ቁጥር ዓይነ ርግቧን የምትጥልለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም።»

«ሴትዮዋ አብዳለች!» አለ ቢምሌሽ። «እኔ? እኔ ልነካት?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ። እናትህ ሬሳውን ያገኘችው ፓምፑን ሰምታ ስትወጣ ነው። ስለዚህ ጩኸቱ ሳይሰማ የታጠበ ሰው አለ። እዚህ ከቆምነው ፀጉሩ የታጠበ አንተ ብቻ ነህ፤ የሚንጠባጠበውም ሽርጥ ያንተ ነው። ሬሳ አለ ብዬ ነው ያልከኝ። ለሬሳ የሚታጠቡት ግን ከማቃጠሉ ሲመለሱ ነው፤ ክሩም የሚለወጠው የሐዘኑ ቀናት ሲያበቁ። የማንዳቪ ሬሳ ገና ከቤት አልወጣም፤ አንተ ክርህን ለውጠሃል። ሞትን አይደለም ያጠብከው። የወንድምህን ሚስት መንካትህን ነው።»

«የጫካ ሰው ሥርዓታችንን ልታስተምረን!»

«ከበር የሚመልሱት ሰው ነው ሥርዓታችሁን ከሁሉ በላይ የሚያጠናው። ማነቁን ቻልክበት፤ ሳትታጠብ መዋል ግን አቃተህ። ፊቷንም ገልጠህ አላየህም፤ አይፈቀድማ። የማታውቀውን ፊት ነው የገደልከው።»

ቢምሌሽ ዙሪያውን አየ። «ፓምፑን ማንም ሊነካው ይችላል። ጉንጃን ጠይቂ፤ ጎኔ ነው...» ብሎ ቆመ። ጎኑ እንደማታድር ሁሉም ያውቃል።

ኡርሚላ ወደ ጉንጃ ዞረች። «የሰማሽውን አልጠይቅሽም፣ እህቴ። አንድ ነገር ብቻ አስቢ። በጸደይ ልጅሽ እንዲህ ያለ ቤት ትገባለች። እዚያም ጥሎሹ አነሰ ይባል ይሆናል። እዚያም በሌሊት ፓምፕ ይሰማ ይሆናል። እዚያ ያለችው ሴት ምን እንድታደርግ ትፈልጊያለሽ? ተኝቼ ነበር እንድትል?»

ጉንጃ የሩቢን እጅ ለቀቀች።

«ከማንዳቪ ክፍል ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለች። «በመስኮቱ። ሽርጡን እንደለበሰ ውሃውን በራሱ ላይ ያፈሳል። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰምቻለሁ። ነክቷት ይሆናል ብዬ... እንዲህ ነው ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ አማቴ ጮኸች።»

«ዝም በይ! ለማን ብዬ ነው?» ቢምሌሽ ሩቢን በጣቱ አመለከተ። «ለዚች አይደለም ወይ? ኮንትራክተሩ የሰጠንን መልሱ ሲለኝ ከየት አመጣለሁ? ባዶ እጄን ብቀር ማን ያገባታል? ወይስ እኔም እንደዚህ ሽማግሌ ጠመንጃ ይዤ ሙሽራ ላድን?»

ራምስኔሂ መሣሪያውን ወደ እሱ አዞረ። ከዚያ ግን አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። የሰማው ስድብ አልነበረም፤ የራሱን ልብ ነው የሰማው። ትልቁ ልጁ ጠመንጃውን ከእጁ ወስዶ ለፓስዋን ሰጠው። ቢምሌሽ በካቴና ታስሮ ሲወጣ እናቱ ጨዋ ልጄ፣ ጨዋ ልጄ እያለች እስከ በሩ ተከተለችው።

«ልጄን እወስዳለሁ» አለ ራምስኔሂ ለኒሻንት። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያው መንደሬ አቃጥላታለሁ። አንተን አላስቸግርህም። ከእንግዲህ ነፃ ነህ።»

«ሚስቴን የት ነው የሚወስዷት?»

«ልጄ፣ የሠርጉ ዕለት የጋብቻውን ቀይ ዱቄት በፀጉሯ መሐል የቀባው እኮ አንተ አልነበርክም። እጅህን ጠምዝዤ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ኒሻንት ጉንጃን ቀይ ዱቄቱን ጠየቃት። ባሏ በሕይወት እያለ የምትሞት ሴት እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ነው የምትወጣው። ጉንጃ ዕቃውን አምጥታ ሰጠችው። ገብቶ ተንበረከከ፤ ፀጉሯን በጣቱ ከፍሎ ከግንባሯ እስከ አናቷ በዝግታ ቀባት። ትንሽ አፍንጫዋ ላይ ፈሰሰ፤ በአውራ ጣቱ ጠረገላት።

የቀርከሃው ቃሬዛ ሲመጣ የራስጌውን አንድ ጎን እሱ ያዘ። ሽማግሌው ሊቀርብ ፈርቶ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

«ያኛውን ጎን ይያዙ እንጂ፣ አባባ» አለው ኒሻንት። «ብቻዬን አልችላትም።»