የእትዬ ጫጩት አሻራ

«ሁሉም አውራ ናቸው» አለች ቀጮ።

ባለ ሱቋ ስድስተኛውን ዶሮ ከጆንያው ውስጥ በእግሩ ጎትታ እያወጣች ነበር። ቀና ብላም አላየቻት። «ዶሮ ዶሮ ነው፤ ምን ሆነሻል?»

«ወረቀቱ ላይ እኮ እንቁላል ጣይ ብለን ነው የጻፍነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሰውየው መጥቶ ‹በሉ ጣሉ› ሊላቸው ነው?»

ቲማቲም ሻጯና ፀጉር ሠሪዋ ሳቁ። የቀጮ እናት ለመሳቅም አቅም አልነበራትም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጫጩት ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ዶሮዎቹን እንደ እንግዳ ታያቸዋለች። እንግዳም ነበሩ። ለአንድ ከሰዓት ብቻ የተከራዩ ናቸው። የገበያው ዶሮ ነጋዴ «የምትጥል ዶሮ ለእናቴም አላውስም» ብሎ ድርቅ ስላለ፣ ለሽያጭ ያመጣቸውን አውራዎች ይዘው ከመምጣት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

አምስቱ ሴቶች አንድ የብድር ቡድን ናቸው። የብድር ተቋሙ ቤት አስይዙ፣ መሬት አስይዙ አይልም፤ የሚያዘው ጎረቤት ነው። አንዷ ስትበደር አራቱ ዋስ ይሆናሉ። በየሳምንቱ ሰኞ በባለ ሱቋ ጓሮ ይሰበሰባሉ፤ የአንዷ መዋጮ ከጎደለ ሞልቶ እስኪገኝ ድረስ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። አንድ ሰኞ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጠው የቲማቲም ሻጯ ግማሽ ቲማቲም ፀሐይ ላይ ተበላሽቷል።

የመጀመሪያው ዙር ብድር ተከፍሎ አልቋል። ዛሬ የተቋሙ ሠራተኛ መጥቶ ሥራቸውን በዓይኑ አይቶ ለሁለተኛው ዙር ያስፈርማቸዋል። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው እጥፍ ነው፤ የሚሰጠውም ለአምስቱም በአንድ ላይ ነው። አንዷ ሥራ የላትም ከተባለ አምስቱም ቀሩ ማለት ነው።

የቀጮ እናት ደግሞ መቅረት አትችልም። ልብስ ሰፊ ናት። በመጀመሪያው ዙር የልብስ ስፌት ማሽን ገዝታ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች፤ አሁን አንድ ትምህርት ቤት መቶ ሃያ ሸሚዝ አዟታል። ማሽኑ የቁልፍ ቀዳዳ አይሠራም። እያንዳንዱ ሸሚዝ ሰባት ቀዳዳ አለው፤ ሰባቱንም በእጇ የምትጠልፈው ቀጮ ናት። ከትምህርት ቤት መልስ አራት ሸሚዝ፣ ጠዋት ከመሄዷ በፊት አንድ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጣቶቿ ሳታዛቸው ጠረጴዛውን መጥለፍ ይጀምራሉ። ባለፈው ሳምንት መምህሩ «ምን ትስፊያለሽ?» ሲላት ክፍሉ ተንጫጫ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራ ማሽን ይገዛል። ይህን ቃል እናቷ ከስድስት ወር ወዲህ ትደጋግምላታለች።

እትዬ ጫጩት ስሟን ያገኘችው ከመጀመሪያው ብድር ጋር ነው። ሁለት መቶ ጫጩት ገዝታ የገባች ዕለት ሰፈሩ ሰየማት። በዘጠነኛው ቀን በሽታ ገብቶ ጠራርጎ ወሰዳቸው፤ ስሙ ግን አብሯቸው አልሞተም። ለቡድኑ ነገረች፣ ለተቋሙ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲህ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ አጥባ አንድም ሰኞ ሳታጓድል ከፍላለች።

ልጇ የቀጮ የክፍል ጓደኛ ናት። ነበረች ቢባል ይሻላል፤ ከሁለት ወር ወዲህ ቦታዋ ባዶ ነው። «የማታ ተመዝግቤያለሁ ባክሽ፤ ቀን መማር ይደብራል» ብላ ነበር ስትጠፋ። ባለፈው ሐሙስ ግን ቀጮ በምሳ ሰዓት በሰፈሩ የጋራ ቧንቧ በኩል ስታልፍ አየቻት። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ አንሶላ ትጨምቃለች። «እንዳላየሽኝ እለፊ» አለቻት፣ ቀና ሳትል። ቀጮም እንዳላየች ሆና አለፈች።

ቅጾቹን የሞላችውም ቀጮ ናት። እናቷ በሜትር ላይ ያለውን ቁጥር እንጂ ፊደል አታነብም፤ ከአምስቱ አንዷም ከስሟ ያለፈ አትጽፍም፤ እትዬ ጫጩት ስሟንም አትጽፍ። «የቀጮ ጽሑፍ የታተመ ነው የሚመስለው» ተባለና ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። ባለ ሱቋ ስትናገር እሷ ጻፈች። የሥራ ዓይነት፦ እንቁላል ጣይ ዶሮ እርባታ። እጇ ያን ጊዜ ትንሽ ዘግይቷል፤ ግን ጽፋዋለች።

የሞተር ድምፅ ተሰማና ሁሉም ተነሱ።

ሠራተኛው ገና ወጣት ነው። ሄልሜቱን ሲያወልቅ ፀጉሩ በላብ ተጣብቋል። «ሃያ ሦስተኛ ቤቴ ናችሁ ዛሬ» ብሎ የቀረበለትን ውሃ ቆሞ ጨለጠው። የአራቱን ሥራ ቀድሞ አይቶ ስለነበር የቀረው የእትዬ ጫጩት ብቻ ነው። ወደ ጓሮ ወሰዱት። ስድስቱ አውራ ዶሮዎች እግራቸው በገመድ ታስሮ አንዱ በሌላው ላይ ደረቱን ነፍቷል።

«ይጥላሉ?» አለ።

«ሙቀቱ ነው» አለች ባለ ሱቋ ፈጠን ብላ። «በዚህ ሙቀት ትንሽ ቀንሰዋል።»

አንደኛው ዶሮ አንገቱን አስረዝሞ ጮኸ። ፀጉር ሠሪዋ ሳቋ እንዳያመልጣት ሳል አስመሰለችው። ሠራተኛው ዶሮውን አየው፣ ባለ ሱቋን አያት፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ። «ፎቶ ላይ ሁሉም ዶሮ ነው» ብሎ ሁለት ጊዜ አነሳና ወደ ቤት ገባ። አለፈ። ቀጮ የእናቷ ትከሻ ሲወርድ አየች፤ የራሷም ወረደ።

አራቱ ቶሎ ቶሎ ፈረሙ። የእትዬ ጫጩት ተራ ሲደርስ ሠራተኛው «ጣትዎን ይስጡኝ፣ እናቴ» ብሎ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ቅጹ ላይ ተጫነው። ሲያነሳው የቀረው ድፍን ሰማያዊ ነጥብ ነው፤ አንድም መስመር የለውም። በመሐረብ ጠርጎ ደገመ። ያው ነው። ጣቷን ገልብጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ቆዳው ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ሌላው እንደ ሳህን ለስልሷል።

«አሻራ የለዎትም እኮ። ምን ሆኖ ነው?»

«ሳሙና» አለች እትዬ ጫጩት።

አራቱ ሴቶች ተያዩ።

«የዶሮ ቤቱን!» አለች ባለ ሱቋ። «ጽዳት ላይ ቀልድ አታውቅም፣ በየቀኑ ነው በሳሙና የምታጥበው።»

ሠራተኛው ዓይኑን አሻሸ። «በሌላ ጣት እንሞክራለን። እስከዚያ አንቺ ልጅ ቅጹን አንብቢላቸው። ‹ሳይነበብልኝ ነው የፈረምኩት› ካሉ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

እናቷ ከማዶ በዓይኗ አጣደፈቻት። ቶሎ በዪ፣ ጨርሺው ነው ነገሩ። ቀጮም ልታንበለብለው ጀምራ ነበር። ግን እትዬ ጫጩት ወደ እሷ ጠጋ ብላ ጆሮዋን አዞረች፤ ሲነበብላት የመጀመሪያዋ እንደሆነ ያስታውቅባታል። ቀጮ ሳታስበው ዝግ አለች። የብድሩ መጠን አርባ ሺህ። ጊዜው ሰባ ሁለት ሳምንት። የሳምንት ክፍያ ሰባት መቶ።

«ስንት?»

«ሰባት መቶ፣ እትዬ።»

«እስካሁን አራት መቶ ስልሳ አልነበር እንዴ?» እትዬ ጫጩት በጣቶቿ ትቆጥር ጀመር፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። «ስንት አንሶላ ይሆናል?» አለች ለራሷ። ቆጥራ ቆጥራ ጣቶቿ አለቁባት። ከዚያ አራቱን ሴቶች ተራ በተራ አየቻቸው፤ የቀጮ እናት ላይ ትንሽ ቆየች። «ይሁን» አለች። «በእኔ የተነሳ አትቀሩም።» ሌባ ጣቷን ራሷ ወደ ቀለሙ ላከችው።

ቀጮ ጓደኛዋን አሰበቻት። ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሰባ ሁለት ሳምንት። የቀጮን ማሽን፣ ያን ስንት ጊዜ በሐሳቧ ያሽከረከረችውን ማሽን፣ ቧንቧው ጋ አንሶላ እየጨመቀች የምትገዛላት ጓደኛዋ ናት ማለት ነው።

«የሥራ ዓይነት የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች፣ እጇን ቅጹ ላይ አድርጋ። «ውሸት ነው።»

ሠራተኛው ዓይኑን ከቅጹ ላይ አላነሳም። «አልሰማሁሽም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዴ ያልሺውን አልሰማሁም። ከደገምሺው ግን መስማቴ ነው። ገባሽ?»

ገብቷታል። የማምለጫ በር ከፍቶላት ነው። እናቷን አየቻት። እናቷ አልተቆጣችም፤ ብቻ «ተይው፣ የኔ ልጅ» በሚል ዓይን ታያታለች፤ ከቁጣ የሚብሰው እሱ ነበር። ቀጮ ማልቀስ አማራት። ከእትዬ ጫጩት ጣት ጫፍ ቀለሙ ሊንጠባጠብ ነው።

«ዶሮ የላትም» አለች ቀጮ። «የምትከፍለው ልብስ አጥባ ነው።»

ሠራተኛው የቀለሙን ሳጥን ከደነው።

«የአምስታችሁም ብድር ዛሬ ቀርቶ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ከሦስት ወር በኋላ» አለ፣ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ። የተደሰተ አይመስልም። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ለአጠባም ብድር አለ እኮ፣ እናቴ። አነስ ያለ ነው። ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝና?» አለች እትዬ ጫጩት። እሱም ቦርሳውን ከፍቶ ባዶ ቅጽ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ሄደ።

«እሰይ!» አለች ባለ ሱቋ ሞተሩ እንደራቀ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ቀጮ! ያስተማርንሽ ለዚህ ነው!» ቲማቲም ሻጯ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ያለ ሰላምታ ወጣች። ፀጉር ሠሪዋም ተከተለቻት። እትዬ ጫጩት ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። በሰማያዊ ጣቷ ባዶውን ቅጽ ወደ ራሷ ሳበችው፣ ገለባብጣ አየችው፣ ከዚያ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ቀጮን ቀና ብላ አላየቻትም፤ አላመሰገነቻትምም።

እናትና ልጅ ቤት ደረሱ። ሸሚዞቹ አልጋው ላይ እንደተቆለሉ ናቸው። ገና ሰማንያ አንድ ይቀራሉ። ቀጮ አንዱን አንስታ መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች፤ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ጠልፋ ሁለተኛውን ጀመረች። እናቷ ጫማዋን ሳታወልቅ ማሽኑ ፊት ተቀምጣለች፤ እግሯ ግን መርገጫውን አልረገጠም።

«እማዬ፣ ስለ ማሽኑ በጣም አዝናለሁ።»

«ስለ ሌላውስ?»

ቀጮ መርፌውን ያዝ አደረገችው። ይቅርታ ማለት ቀላል ነበር፤ ነገር ያበርዳል። ግን ዛሬ ሌላ ውሸት ለመጨመር አቅም አጣች። «ስለ ሌላውስ አላዝንም» አለች።

እናቷ ፊቷን በሁለት መዳፏ አሸች። «ደክሞኛል» አለች። «አንቺም ደክሞሻል፣ አውቃለሁ። ጣትሽን ሳየው አንጀቴ ነው የሚላወሰው። በዚያ ማሽን ላሳርፍሽ ነበር።»

ከዚያ እናቷ ተነሳች። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ እጇን ከፍራሹ ሥር ከተተችና የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች፤ የራሷን፣ ያለፈው ዓመቱን የብድር ውል። ጭኗ ላይ ዘርግታ በእጇ ደለደለችው።

«‹እዚህ ጋ ፈርሚ› አሉኝ፣ ፈረምኩ» አለች። «ዓመት ሙሉ ስከፍል ምን እንደሚል አላውቀውም። ዛሬ ለእሷ ስታነቢላት ሳይሽ…» ሳትጨርሰው ወረቀቱን ዘረጋችላት። «የኔንም አንብቢልኝ። አንድም ቃል ሳይቀር።»

ቀጮ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካችው። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ እናቷ ተጠጋች፤ ከላይኛው መስመር ጀምራም ዝግ እያለች ታነብላት ጀመር።