ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ሰማያዊ

«ምን ታፈጥጫለሽ? የሳይንስ ውድድሩ ዳኞች እኮ ቀጣዩ ክፍል ደርሰዋል» አለች ሺፋ።

ምሥራቅ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። ሥሩ ከምስር የምታንስ ዛጎል ተቀምጣለች፤ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ቤት ናት። ዘሩ ጠፍቷል። ሁለቱ ጓደኛሞች ከግብፅ የመጣ አለት እየሰበሩ፣ በወንፊት እያጠቡ፣ እንዲህ ያሉትን በቅርጻቸው ሲመድቡ ወር አልፏቸዋል። ይቺኛዋ የተገኘችው ሦስተኛው ናሙና ውስጥ ነው፤ ያ ደግሞ ዘሯ ከጠፋ በኋላ የተነጠፈ አለት ነው። ፖስተራቸው ላይ በትልቁ «ከታሰበው በላይ ኖራለች!» ብለው ጽፈዋል። ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታቸው ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለውም።

አሁን ግን ምሥራቅ የዛጎሏ ስንጥቅ ውስጥ ክር የምታህል ሰማያዊ አየች።

ጋምቤላ ያደጉት መምህር እንድሪያስ መጀመሪያ ያስተማሯቸው ይህንኑ ነበር። አንድ ናሙና ባለቀ ቁጥር ወንፊቱ ይፈተጋል፤ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ተጣብቆ የቀረ ዛጎል ካለ ይቀለማል። ቀጣዩ ናሙና ውስጥ ሰማያዊ ከተገኘ ከበፊተኛው የመጣ ነው።

«ሺፋ፣ ይቺን ነክተሻታል?»

ሺፋ በሩን አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «በበረኪና ጠረግኳት። ሰማያዊ ነበረች።»

«ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው።»

«ምን ላድርግ? አባቴን ታውቂው የለ? ካሸነፍሽ ናይሮቢ ትሄጃለሽ፣ ካልሆነ እረፍቱን ሙሉ ሱቅ ነሽ ብሎኛል።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ደግሞ ሁለተኛው ናሙና ያለቀ ቀን ወንፊቱን ማን ነበር የሚያጥበው? የቦዳቦዳው ሞተር ሊወስድሽ መጥቶ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ጥለሽው ሮጥሽ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም።»

ምሥራቅ አፈረች። እውነት ነው። የእናቷ ፀጉር ቤት ከወንዙ ማዶ ሸሪካት ነው፤ ድልድዩ ሳይጨናነቅ ልሻገር ብላ ወንፊቱን ሳትፈትግ ቀለም ነክራ ብቻ ሄዳለች። ሺፋ ገመናዋን ሸፍናላት ከርማለች፣ እሷ ግን አላወቀችም።

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። «ልጆች፣ ዳኞቹን ይዤ መጣሁ» አሉ መምህር እንድሪያስ ከውጭ።

«ኸላስ፣ በቃ ዝም እንበል» አለች ሺፋ ክንዷን ይዛ። «ማንም አላየም። በአላህ ምሥራቅ፣ እለምንሻለሁ።»

ምሥራቅ መዝገቡን ገለጠች። ከሁለተኛው ናሙና ትይዩ «ወንፊቱን ያጠበው» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። መዝገቡን የምትይዘው ሺፋ ናት፤ የጓደኛዋን ስም ሆን ብላ ሳትጽፍ ትታላት ነው። ምሥራቅ እስክሪብቶ አነሳችና የራሷን ስም ጻፈች፤ ከጎኑም «አልፈተግኩትም» ብላ ጨመረች። ከዚያ ብሩሹን ውሃ ነክራ ዛጎሏን በቀስታ አነሳቻትና ወደ ሁለተኛው ናሙና ሳጥን መለሰቻት።

ስለ በረኪናው ምንም አልጻፈችም። እስክሪብቶውን ከነመዝገቡ ወደ ሺፋ ገፋ አደረገችላትና በሩን ልትከፍት ሄደች።