ያልተለኮሰው የሰንደል ሻማ

እኔ አሰላ ውስጥ ፊዚክስ የማስተምር፣ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምርልኝ «ሌላ ሞኝ ፈልግ» ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ እንዴት እያፈርኩ እንደሆነ እወቁልኝ።

ሻማውን የላከችልን ታናሽ እህቴ ትዕግስት ናት። ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ በሄደች በዓመቷ፣ ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ ያለ፣ ክዳኑ ወርቅማ፣ ሰንደል ሰንደል የሚሸት ውድ ሻማ በሰው ላከች። እናቴን ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ የሁላችሁም ቤት አለች፣ ሶፋው የመጣበትን ላስቲክ እስካሁን አልገፈፈችም። ሻማውንም እንደታሸገ ቡፌ ውስጥ ቆለፈችበትና «ልጄ ስትመጣ ራሷ ትለኩሰዋለች» አለች። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ስንደናበር እንኳን አታስነካንም።

ከዚያ ትዕግስት ጠፋች። ሰባት ወር ሙሉ ስልኳ አይሠራም፣ አሠሪዎቿን የሚያውቅ የለም፣ እናቴ ምግብ አስጠላት፣ እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሆዴ አልቅሼ ጨርሼ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ፈተና ሳርም፣ ከቡፌው በኩል ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ ነው ብዬ ተውኩት። ቆይቶ ከመስታወቱ ኋላ ቢጫ ነገር ብልጭ ያለ መሰለኝ፣ ቤቱም በሰንደል ታወደ። የአፍንጫዬ ችግር ነው እንዳልል፣ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ዝናብ ሊጠለሉ ገብተው፣

«ያ ረቢ! ምንድነው እንዲህ የሚሸተው፣ ሙሽራ ልትገባ ነው እንዴ?» አሉ።

እናቴ ቁልፉን አምጥታ ከፈተችው። ላስቲኩ እንደታሸገ ነው፣ እመኑኝ፣ እኔው ራሴ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ክሩ ግን ጠቁሯል፣ ዙሪያው ቀልጧል፣ ብርጭቆው ይሞቃል።

«እማዬ፣ ሰም እኮ በሙቀት ይቀልጣል» አልኳት፣ አሰላ ላይ፣ በክረምት፣ ጋቢ ደርቤ!

«አንተ ዝም በል» አለችኝ፣ እያለቀሰች እየሳቀች፣ «ልጄ በሕይወት አለች።»

ብርጭቆው ሳይቀዘቅዝ ስልኬ ጮኸ፣ የማላውቀው ቁጥር ነው። ትዕግስት! ስልኳን ቀምተዋት እንደነበር፣ አሁን ከዚያ ቤት ወጥታ የአገር ልጆች ዘንድ እንደተጠጋች፣ ወረቀቷ እንዳለቀላት እንደምትመጣ ነገረችን። በደስታ አበድን፣ አዴ ፋጡማም እልል አሉ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነው። ሐሙስ ሐሙስ ትደውላለች፣ ከመደወሏ በፊት ቤቱ ሰንደል ሰንደል ይሸታል፣ ከደወለች በኋላ ሰሙ ጎድሎ እናገኘዋለን። እናቴ «መንገዷን እያበራላት ነው» ብላ አልጋዋን አንጥፋ ጨርሳለች፣ እኔም ትመጣለች ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ግን ትናንት እናቴ ሳታየኝ የቀረውን ሰም በጣቴ ለካሁት፣ ሁለት ጣት አይሞላም፣ ወረቀቷ ደግሞ ገና ነው። ትዕግስትን «ቶሎ ነይ» አልኳት፣ ለምን እንደቸኮልኩ ግን አልነገርኳትም።